ከልክ ያለፈ ጽዳት የሚጐዳው የአሸዋ ማጣሪያ

የቤት ዕቃን አጥቦና ወልውሎ በየቦታው ማኖር የባለሙያ እናት መለኪያ ሆኖ የኖረ ነው። ድስቱ ጥቀርሻው እስኪለቅ ይፈተጋል፤ ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ ጀሪካኑም ውኃና ጠጠር ገብቶበት እየተወዘወዘ ይጠራል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን በቤት ጥግ የሚቆመው የአሸዋ ውኃ ማጣሪያ ከዚህ ልማድ ውጭ የሆነ ዕቃ ነው። እንደ ድስት ከታጠበ ሥራውን ያቆማል። ሥራውን ማቆሙም በዓይን አይታይም፤ ከቧንቧው የሚወርደው ውኃ እንደ ቀድሞው ጥርት ብሎ ይወርዳልና። ጉዳቱ የሚታወቀው ከቀናት በኋላ ሕፃኑ ተቅማጥ ሲይዘው ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማጣሪያውን የሚጠረጥር አይኖርም።

በዛሬው ዓምዳችን ይህን ዕቃ እንዴት ማጽዳት እንደሚገባ፥ አሸዋው ሲጐድል ወይም ሲበላሽ በምን ዓይነት አሸዋ እንደሚሞላ እናወሳለን። ይልቁንም በአዊ ዞን ከተሞች፥ በእንጅባራና በዳንግላ፥ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ጠቃሚ ይሆናል ብለን እናምናለን።

በነዚህ ከተሞች የውኃ ምንጭ አንድ ብቻ አይደለም። የቧንቧ መስመር ያለው ይቀዳል፤ የሌለው ከቦኖ ይገዛል፤ ቧንቧው በተቋረጠ ጊዜ ደግሞ ሁሉም ወደ ጉድጓድና ወደ ምንጭ ፊቱን ያዞራል። በዳንግላና በአካባቢዋ የከርሰ ምድር ውኃ ለመሬት ገጽ ቅርብ በመሆኑ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ በየግቢው የተለመደ ነው። አንዳንዱ ክዳንና የገመድ ፓምፕ አለው። ብዙው ግን በባልዲና በገመድ የሚቀዳ ነው፤ ያ ገመድ በመሬት ላይ ተጥሎ፥ ዶሮ ረግጦት፥ ልጅ ጐትቶት ተመልሶ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። የዝናቡም ነገር አለ። ከዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ስለሚወርድ፥ በሐምሌና በነሐሴ የጉድጓዱ ውኃ ወደ አፉ ይቀርባል፤ በዚያው መጠን ከመጸዳጃ ቤትና ከከብት በረት የሚሰርገው ቆሻሻም ይቀርባል። ጉድጓድ ከመጸዳጃ ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ የሚባለው ስለዚህ ነው፤ በጠባብ የከተማ ግቢ ግን 30 ሜትር ከየት ይመጣል? በዚህ ምክንያት ለብዙ ቤተሰብ ውኃን በቤት ውስጥ ማከም የግድ ይሆናል።

የአሸዋ ማጣሪያ ከመንገዶቹ አንዱ ነው። ዛሬ በብዙ አገሮች ቤተሰቦች የሚገለገሉበትን፥ ባዮሳንድ የሚባለውን ዓይነት፥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በካናዳ አገር በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዶክተር ዴቪድ ማንዝ አበጁት። በአገራችንም የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የልማት ክፍል እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለገጠር ቤተሰቦች ሲያሠራው ቆይቷል። ዕቃው ከሲሚንቶ የተሠራ፥ ቁመቱ ከወገብ ትንሽ ከፍ የሚል ሣጥን ነው። ከሥሩ ደቃቅ ጠጠር በሁለት ረድፍ ይነጠፋል፤ በላዩ ግማሽ ሜትር ያህል አሸዋ ይሞላል፤ ከአሸዋው በላይ ደግሞ ቀዳዳ የበዛበት ሳህን ይቀመጣል። ከላይ የፈሰሰው ውኃ በሳህኑ ቀዳዳዎች እየተንጠባጠበ ወርዶ፥ በአሸዋው ውስጥ አልፎ፥ በጐን ባለው ቀጭን ቧንቧ ይወጣል። ኤሌክትሪክ የለው፥ ነዳጅ የለው፤ የሚሠራው በውኃው ክብደት ብቻ ነው።

አሸዋው ጭቃውንና ትላልቁን ነገር ይይዛል። ትልቁ ምሥጢር ግን ከአሸዋው ገጽ ላይ፥ በላይኛው አንድና ሁለት ሳንቲ ሜትር ውስጥ ነው ያለው። ማጣሪያው ሥራ በጀመረ ቁጥር ከውኃው ጋር የሚገቡ፥ በዓይን የማይታዩ፥ ጤና የማይነኩ ጥቃቅን ሕያዋን በዚያ ቦታ ይራባሉ፤ እነሱም የሚያድር ስስ ሽፋን ይሠራሉ። በሽታ የሚያመጡት ተሕዋስያን ወደዚህ ሽፋን ሲደርሱ ገሚሶቹ ይጣበቃሉ፥ ገሚሶቹ ይበላሉ። ይህ ሽፋን ጐልምሶ ሙሉ ኃይሉን እስኪያገኝ እስከ 30 ቀን ይፈጅበታል።

ነገሩን ለማስረዳት ከእርሾ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። ሊጥ የምታቦካ እናት ቡሃቃዋን በፈላ ውኃና በሳሙና ፈትጋ አታስቀምጥም፤ ከታች ጥቂት እርሾ ታስቀራለች። ያ የቀረው እርሾ ለማያውቅ ሰው ያደረ ቆሻሻ ይመስለዋል፤ ለምታውቀው ግን የነገው እንጀራ ነው። በአሸዋው ገጽ ላይ ያለው ቡናማ ሽፋንም እንዲሁ ነው። አሸዋውን አውጥቶ በሳሙና ያጠበ፥ ወይም በረኪና ያፈሰሰበት ሰው እርሾውን ደፍቷል ማለት ነው፤ እንደ ገና እስኪቦካ ሳምንታት ይጠብቃል።

ታዲያ ይህ ስሕተት ለምን በብዛት ይደርሳል? አንደኛው ምክንያት ከላይ ያነሣነው የጽዳት ልማድ ነው። ሁለተኛው ግን የአሸዋ ማጣሪያ የሚባል ሌላ ዕቃ መኖሩ ነው፤ ይኸውም የመዋኛ ገንዳ ማጣሪያ። በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ገንዳ ባላቸው ሆቴሎች ሠርቶ የሚያውቅ ዘመድ ሲመጣ፥ «አሸዋ እንዲህ ነው የሚታጠበው» ብሎ በቅን ልቡና ያሳያል። በገንዳው ቤት ያየው እውነት ነው። እዚያ ውኃው በፓምፕ ኃይል ወደ ተዘጋ በርሜል ይገፋል፤ አሸዋው ጭቃ ሲጠግብ የግፊት መለኪያው መርፌ ከፍ ይላል፤ ያን ጊዜ ሠራተኛው ፓምፑን አጥፍቶ፥ የውኃውን መንገድ በእጀታ ገልብጦ፥ ፓምፑን መልሶ ያስነሣና ከሥር ወደ ላይ በኃይል ይለቅበታል። አሸዋው ተነሥቶ ይተራመሳል፤ ቆሻሻው በሌላ ቧንቧ ወደ ውጭ ይወጣል፤ የሚወጣው ውኃ ጥርት ሲል ሥራው አለቀ። ከዓመታት በኋላ የአሸዋው ጥግ አልቆ ሲለሰልስና ቆሻሻ አልይዝ ሲል አሮጌው ወጥቶ በአዲስ ይተካል። በዚያ ጊዜ በርሜሉ በቅድሚያ እስከ እኩሌታው ውኃ ይሞላል፤ አሸዋው ሲወርድ ከታች ያሉትን ስንጥቅ ቧንቧዎች እንዳይሰብራቸው ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የገንዳው አሸዋ ሥራው ጭቃ መያዝ ብቻ ነው፤ ተሕዋስያንን መግደል የክሎሪን ፈንታ ነው፥ ውኃውም ለመጠጥ አይደለም። ስለዚህ የገንዳው አሸዋ ጭቃ ሲጠግብ መታጠቡ ይጠቅመዋል። የቤቱ ማጣሪያ ግን ከኋላው የሚጠብቀው ክሎሪን ላይኖር ይችላል፤ ሕፃኑ በቀጥታ ከሱ ይጠጣል። ሁለቱ በስም እንጂ በጠባይ አይገናኙም።

ጽዳት ራሱ አደጋ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ታላላቆቹ የከተማ ውኃ ድርጅቶችም የተማሩት በከባድ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ዓ.ም. በጀርመን አገር የሐምቡርግ ከተማ በኮሌራ ተመታች፤ ከ8,000 በላይ ሕዝብ አለቀ። ከጐኗ የነበረችው፥ በአንዳንድ ቦታ በአንድ መንገድ ብቻ የምትለየው የአልቶና ከተማ ግን በአብዛኛው ተረፈች። ሁለቱም የሚጠጡት ከአንድ ወንዝ፥ ከኤልባ ነበር። እንዲያውም አልቶና የምትቀዳው የሐምቡርግ ፍሳሽ ከተቀላቀለበት ከታችኛው በኩል ነበር። ነገር ግን አልቶና ውኃዋን ዝግ ብሎ በሚያሳልፍ የአሸዋ መስክ ታጣራ ነበር፤ ሐምቡርግ አታጣራም ነበር። ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ስለ አሸዋ ምስጋና ብቻ በሆነ። በዚያው ዓመት በተከተለው የብርድ ወራት፥ በ1893 መጀመሪያ፥ ኮሌራው በአልቶናም ብቅ አለ። ዕውቁ ሐኪም ሮበርት ኮክ ነገሩን ሲመረምር ከማጣሪያ መስኮቹ አንዱ በጽዳት ጊዜ ገጹ በብርድ በመርጋቱ እንደ ወትሮው አለማጣራቱን አገኘ። ሽፋኑ የተገፈፈ ማጣሪያ መልሶ እስኪበረታ ድረስ ለመጠጥ የማይታመን መሆኑ ከዚያ ወዲህ የማያጠራጥር ሆነ።

እንግዲህ በእኛ ቤት የሚደርሰውን እንይ። አንዲት በመሥሪያ ቤት የምትውል እናት ለበዓል ቤቷን ስታሰናዳ፥ ማጣሪያው ውኃ በዝግታ መስጠቱን ታያለች እንበል። ክዳኑን ስታነሣ የአሸዋው ገጽ ቡናማ ሆኖ ያዳልጣል። ትጸየፈዋለች። አሸዋውን በሳፋ አውጥታ፥ በዱቄት ሳሙና አሽታ፥ አለቅልቃ ትመልሰዋለች። በማግስቱ ውኃው እንደ ምንጭ ይወርዳል፤ ጐረቤትም «እንዴት ያለ ጥሩ ሆነ!» ይላል። የውኃው መፍጠን ግን ደስ የሚያሰኝ ምልክት አልነበረም። ደቃቁ አሸዋ ከእጣቢው ጋር ተደፍቷል፤ እርሾውም ሄዷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተሰቡ የሚጠጣው ጭቃው ብቻ የተያዘለትን የጉድጓድ ውኃ ነው። ድሮ ውኃው ሲደፈርስ የሚያፈላ ቤተሰብ፥ አሁን ማጣሪያ አለን ብሎ ማፍላቱን ትቷል። ከምንም በላይ የሚያሳስበን ይህ መዘናጋት ነው።

ትክክለኛው አጸዳድ ከዚህ በጣም ያነሰ ድካም የሚጠይቅ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ማጣሪያ በቀን መቁጠሪያ አይጸዳም፤ በየቅዳሜው ወይም በየበዓሉ የሚደረግ ሥራ አይደለም። የሚጸዳው ውኃው ለቤቱ ፍጆታ እስከማይበቃ ድረስ ሲዘገይ ብቻ ነው። ያን ጊዜ እጅን በሳሙና በሚገባ ታጥቦ ክዳኑንና የተበሳውን ሳህን ማንሣት። ሳህኑንና ክዳኑን እንደ ልብ አጥቡት፤ በነሱ ላይ የጽዳት ሙያችሁን ብታሳዩ ክልከላ የለም። በአሸዋው ላይ 4 ሊትር ያህል ውኃ ጨምሩ። ከዚያ መዳፍን ዘርግቶ የአሸዋውን ገጽ በስሱ፥ ክብ እየዞሩ፥ ውኃው እስኪደፈርስ ማማሰል ነው። ጣት ወደ ውስጥ አይገባም፤ አሸዋው አይቈፈርም። የደፈረሰውን ውኃ በኩባያ እየቀዱ ማውጣት፥ አሸዋው ግን አብሮ እንዳይወጣ መጠንቀቅ። ገጹን በመዳፍ አስተካክሎ፥ ሳህኑን መልሶ፥ ውኃ መሙላት። አሁን በበቂ ካልፈጠነ ያንኑ አንድ ጊዜ መድገም ይቻላል። ሁሉ ነገር የሩብ ሰዓት ሥራ ነው።

በዚህ አኳኋን ሲጸዳ ሽፋኑ ይታወካል እንጂ አይጠፋም፤ በጥቂት ቀናት ያገግማል። በነዚያ ቀናት የተጣራውን ውኃ አፍልቶ ወይም በክሎሪን አክሞ መጠጣት ግዴታ ነው። አሸዋው በሙሉ ታጥቦ ከሆነ ወይም አዲስ ተሞልቶ ከሆነ ግን ይኸው ጥንቃቄ ለአንድ ወር ይቀጥላል። የወጣውን ድፍርስ ውኃ ከጉድጓዱ አጠገብ አትድፉት፤ የተጠራቀመው ተሕዋስ ሁሉ በውስጡ አለና ከጉድጓዱና ከጓሮ አትክልቱ ርቆ ይደፋ።

አሁን ወደ አሸዋው መጉደልና መሞላት እንለፍ። ውኃ መውረዱን ሲያቆም ከአሸዋው በላይ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውኃ ተኝቶ መቅረት አለበት። ይህን ልኬት በየጊዜው በማስመሪያ ማየት ይገባል፤ ምክንያቱም በአሸዋው ገጽ ያሉት ሕያዋን አየር የሚያገኙት በዚህ ስስ ውኃ በኩል ነው። አንድ ሰው በጽዳት ጊዜ አሸዋ አብሮ እየደፋ ከኖረ አሸዋው ዝቅ ይላል፥ ውኃው ይጠልቃል፥ ሕያዋኑም አየር ያጥራቸዋል። ያን ጊዜ የታጠበ አሸዋ ጨምሮ ልኬቱን መመለስ ነው። ውኃው ከ5 ሳንቲ ሜትር በጣም ካነሰ ደግሞ በተቃራኒው ጥቂት አሸዋ ይቀነሳል፤ አለዚያ በፀሐይ ወራት ገጹ ይደርቃል።

የትኛው አሸዋ? ለግንባታ ተብሎ በመኪና ተራግፎ በየመንገዱ ዳር የሚታየው እንዳለ አይሆንም። የሚመረጠው ከድንጋይ መፍጫ የሚወጣው፥ ጠርዙ ስለታም የሆነው ነው። የወንዝ አሸዋ ከብት የተሻገረበት፥ ቅጠልና አፈር የተቀላቀለበት በመሆኑ ሁለተኛ ምርጫ ነው፤ እሱን የሚጠቀም ሰው በሚገባ አጥቦ፥ በክሎሪን ውኃ ዘፍዝፎ፥ ክሎሪኑን አለቅልቆ፥ በፀሐይ ማድረቅ አለበት። አሸዋው 0.7 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው የወንፊት ሽቦ ይነፋል፤ ያለፈው ለማጣሪያነት ይሆናል። በወንፊቱ ላይ የቀረው እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያለው ለመካከለኛው ረድፍ፥ ከ6 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ያለው ጠጠር ለታችኛው ረድፍ ይሆናል። ሁለቱ የጠጠር ረድፎች እያንዳንዳቸው 5 ሳንቲ ሜትር ይበቃቸዋል።

አጥብ ሲባል ደግሞ ባለሙያዋ እናት እንደ ገና ትፈተናለች። ጠጠሩ ጥርት ያለ ውኃ እስኪወጣው ይታጠብ። አሸዋው ግን እንደ ምስር መታጠብ የለበትም። በንጹሕ ጠርሙስ ጥቂት አሸዋና ንጹሕ ውኃ ጨምራችሁ፥ አዙራችሁ፥ ሦስት አራት ሰከንድ ያህል አቁሙት፤ ከጐን ስትመለከቱ የአሸዋው ገጽ ከታየና ውኃው ጥቂት ዳመን ካለ በቂ ነው። ውኃው ፍጹም ከጠራ አብዝታችሁ አጥባችኋል፤ ተፈላጊው ደቃቅ አሸዋ ሄዷል። ጭራሽ የማይታይ ከሆነ ጭቃ ቀርቷል።

ሲሞላም ውኃው ይቀድማል፥ አሸዋው ይከተላል። በዚህ ላይ ከገንዳው ማጣሪያ ጋር ይመሳሰላሉ፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ደረቅ አሸዋ ላይ ውኃ ቢፈስ አየር በመካከል ታፍኖ ይቀርና መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ሣጥኑን እስከ እኩሌታው በውኃ ሞልቶ አሸዋውን እያፈሰሱ መሄድ፥ ውኃው ሁልጊዜ ከአሸዋው በላይ እንዲሆን መጠበቅ ነው። ሥራው ሲያልቅ ማጣሪያውን እስከ አፉ ሞልታችሁ አንድ ሊትር ጠርሙስ ከቧንቧው ሥር አኑሩና ሰዓት ያዙ። ሁለት ደቂቃ ተኩል አካባቢ ቢፈጅ ልክ ነው። በአንድ ደቂቃ ከሞላ አሸዋው ሻካራ ነው ወይም ከልክ በላይ ታጥቧል፤ በሱ የተጣራ ውኃ አይታመንም። ሣጥኑ ከተሞላ በኋላ ከቦታው አይነሣ፤ ቢገፉት አሸዋው ይሰነጠቃል። የሚቆምበት ቦታ ከፀሐይ የተጠለለ፥ ወለሉ የተስተካከለ ይሁን።

በክረምት የሚቀዳ ድፍርስ ውኃ ማጣሪያውን ቶሎ ያፍነዋል። ሁለት ሊትር በሚይዝ ጥርት ባለ ጠርሙስ ውኃውን ሞልታችሁ የዚህን ጋዜጣ ርዕስ ፊደል ከሥሩ አድርጉ፤ በጠርሙሱ አፍ በኩል ወደ ታች ስታዩ ፊደሉ ከተነበበ ውኃው ወደ ማጣሪያው መግባት ይችላል። ካልተነበበ በጋን ወይም በባልዲ አሳድሮ፥ ላይ ላዩን ቀድቶ፥ አራት እጥፍ በሆነ ንጹሕ ጨርቅ ማጥለል ያስፈልጋል። አንድ ቀን ከጉድጓድ፥ አንድ ቀን ከወንዝ እየቀያየሩ ማፍሰስም ሕያዋኑን ያውካል፤ በተቻለ መጠን ከአንድ ምንጭ ይሁን። ክሎሪን የገባበትን የቧንቧ ውኃ በማጣሪያው ማሳለፍ ደግሞ መከላከያውን በገዛ እጅ መግደል ነው፤ እሱ በቀጥታ ወደ መጠጥ ዕቃ ይግባ።

ከሰልስ? ይህን መጠየቅ በአዊ የሚያስደንቅ አይደለም፤ የፋግታ ለኮማ ሕዝብ ለብዙ ዓመታት ዲከረንስ ተክሎ ሲያከስል የኖረ ነው፥ ከሰል በየቤቱ አለ። ከሰል ሽታንና ቀለምን ይስባል፤ ተሕዋስያንን ግን አይገድልም። የምድጃ ከሰል ፈጭቶ ከአሸዋው ጋር መቀላቀል የማጣሪያውን ልኬት ከማበላሸት በቀር ትርፍ የለውም።

ማጣሪያው መብላትም ማረፍም ይፈልጋል። አንዱ ባልዲ ወርዶ ካለቀ በኋላ ሌላው ከመፍሰሱ በፊት ቢያንስ አንድ ሰዓት ይረፍ። በሌላ በኩል ደግሞ ከ48 ሰዓት በላይ ውኃ ሳይፈስበት መዋል የለበትም። ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲሆን ከዳንግላ ቤቱን ዘግቶ እንጅባራ ዘመድ ጋ የሚሰነብት ቤተሰብ፥ አንድ ባልዲ የሚያፈስ ጐረቤት ቢያስጠብቅ መልካም ነው። ለከብቱና ለዶሮው አደራ የምንል ሰዎች ለማጣሪያውም ብንል ማንም አይስቅብንም። ጐረቤት ካልተገኘ ሲመለሱ ውኃ አሳልፎ መድፋትና ለተወሰኑ ቀናት የሚጠጣውን ማከም ነው።

ስለ ማከም ካነሣን አይቀር፥ ማጣሪያው በደንብ ሲያዝ የአሜባንና የጃርድያን ዘር፥ የወስፋትንም እንቁላል ከሞላ ጐደል በሙሉ ይይዛል፤ ከባክቴሪያም አብዛኛውን ያስቀራል። ቫይረሶችን ግን በዚያ መጠን አይይዝም። በውኃ ውስጥ የሟሟ ነገር፥ ማዳበሪያም ይሁን የተባይ መድኃኒት ወይም ፍሎራይድ፥ አሸዋውን አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ጡት መጥባት ላቆመ ሕፃን፥ ለነፍሰ ጡርና ለታመመ ሰው የተጣራውን ውኃ ጨምሮ ማከም ይመከራል። ክሎሪን የሚጠቀም ሰው በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ልክ ተከትሎ፥ ከማጣሪያው በኋላ በመጠጥ ዕቃው ውስጥ ጨምሮ፥ ግማሽ ሰዓት ይጠብቅ። የሚያፈላ ሰው ደግሞ የአገሩን ከፍታ ይወቅ፤ እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፥ ዳንግላ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆሩ ናቸው። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች፥ በ92 እና በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚህ ምክንያት ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ አገር ውኃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል። ጥቂት አረፋ ሲያወጣ ፈላ ብሎ ማውረድ አይበቃም።

የተጣራው ውኃ የሚጠራቀምበት ዕቃ ነገር የማይናቅ ነው። ከማጣሪያው የወጣ ንጹሕ ውኃ አፉ በሰፋ ባልዲ ተጠራቅሞ፥ ጣሳ እየተነከረበት፥ ልጆች እጃቸውን እየጨመሩበት የሚበከልበት ቤት ብዙ ነው። አፉ የጠበበና ክዳን ያለው፥ ቢቻል በቧንቧ የሚቀዳ ዕቃ ይመረጣል። ጥሬ ውኃ የቀዳውን ጀሪካን ለተጣራው ማዋል አይገባም፤ እንዳይምታታ አንዱን በቀይ ክር ማሰር ይበቃል። ይህኛው ዕቃ በየጥቂት ቀኑ በሳሙና ይታጠብ፥ ይፈተግ፥ በፀሐይ ይደፋ።

በመጨረሻም ማጣሪያውን የሚያጸዳው ማን ይሁን? በብዙ ቤት እናት ለሥራ ወጥታ ስትውል ሥራው በታላቋ ልጅ ወይም በቤት ሠራተኛዋ ላይ ይወድቃል፤ ባልም በዕረፍት ቀኑ ልርዳ ብሎ ሊነሣ ይችላል። ማንም ቢሆን መልካም፤ ነገር ግን አንድ የተወሰነ ሰው ይሁን፥ እሱም አንድ ጊዜ በዓይኑ አይቶ የተማረ ይሁን። ለሌላው ሁሉ ክዳኑ አይከፈት። ሠራተኛዋ ስትለወጥ አዲሲቱን ቁልፍ ከማስረከብ ጋር መዳፍን ዘርግቶ ማማሰሉን ማሳየት ያሻል፤ ምክንያቱም አዲስ ገብታ ትጋቷን ለማሳየት የምትፈልግ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት የምታጥበው ያንን ቡናማ አሸዋ ነው።